ለቀጋ የሚሆን ጓንት

ዓርብ ጠዋት ጌጤ ፊቷን ልትታጠብ ስትነሳ፣ ሳሎን ውስጥ ስለ እጇ ሲወራ ሰማች። ስለ ትዳሯ ቢሆን ኖሮ ጆሮዋንም ባልሰጠችው፤ ከኩዌት ከተመለሰች ወዲህ ደብረ ታቦር ውስጥ ስለ ትዳሯ ያላሰበላት ዘመድ የለም። ስለ እጇ ግን ሲወራ መስማቷ የመጀመሪያዋ ነው። በመኝታዋና በሳሎኑ መካከል ያለው ግድግዳ ኮምፔርሳቶ ስለሆነ የሰው ትንፋሽ እንኳ አያስቀርም፤ እነሱ ግን ተኝታለች ብለው ነው መሰል ድምፃቸውን ለመቀነስ አልደከሙም። የሚናገሩት አክስቷ ጥሩወርቅ ናቸው። የአባቷ ታላቅ እህት ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ከወንድማቸው ጋር ይኖራሉ፤ በቤቱ ጉዳይ ሁሉ የመጀመሪያውን ቃል የሚናገሩትም እሳቸው ናቸው። «ያ እጅ የበረኪና እጅ ነው» ይላሉ። «እሾህ አይችልም። ባለፈው ሳምንት አይተህ የለም? ሁለት የቀጋ ቅርንጫፍ ጎተተችና እጇ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ማንኪያ መያዝ አቅቷት ሰነበተች። አትክልት ለእሷ ምኗ ነው? ጓሮውን ለአለምነው ስጠውና ቤት ይሥራበት።»

አለምነው ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ባጃጅ ይነዳል። ጓሮው ላይ ሁለት ክፍል ሠርቶ ማከራየት እንደሚፈልግ ከፋሲካ በፊት ጀምሮ ሲናገር ከርሟል። አሁንም ዳቦውን እያላመጠ «ግንበኛው ሰኞ እመጣለሁ ብሎኛል» አለ። ከዚያ ጌጤ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሰማች፤ አባቷ መሆናቸው ነው። አባቷ አቶ ይሻው ከመናገራቸው በፊት በእጃቸው ያለውን ነገር ሁሉ ያስቀምጣሉ። «ጌጤ አጸዳዋለሁ ብላኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ነገ ቀዳም ነው፣ ከነገ ወዲያ ሰንበት፤ እሾህ አይቆረጥም። እንግዲህ ያለው ቀን ዛሬ ነው። ዛሬ ማታ የጠራ መሬት ካየሁ ጓሮው የእሷ ነው። ካላየሁ ሰኞ ግንበኛህን ይዘህ ና።» በዚህ ተስማሙ። ይህን ሁሉ ሲጨርሱ አንድም ሰው ተነስቶ «ጌጤ፣ እስኪ ነይ» ብሎ አልጠራትም። ከራሳቸው በላይ ያለው ቆርቆሮ እሷ ከኩዌት በላከችው ገንዘብ መገዛቱንም ያነሳ የለም፤ እሷም አላነሳችም። አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ እጆቿን ገልበጥ አድርጋ አየቻቸው።

አክስቷ ያሉት ሐሰት አልነበረም። የመዳፏ ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ሆኖ ይላጣል፤ ብርድ ሲሆን የጣቶቿ መገጣጠሚያ ይሰነጠቃል። ኩዌት የሠራችው በቢጫ የላስቲክ ጓንት ነበር። ጓንቱ ከውስጥ ላቡን ይይዛል፣ አንድ ቦታ ከተበሳ ደግሞ በረኪናውን አስገብቶ አያስወጣም፤ እጇ ያለቀው በዚያ ነው። የምትሠራበት ቤት የማዕድ ቤት መስኮት ወደ አትክልቱ ቦታ ይከፈት ነበር። አትክልተኛው አንድ ሽማግሌ ህንድ ነው፤ እስከ ክርኑ የሚደርስ የቆዳ ጓንት አጥልቆ፣ ጽጌረዳውን እየገረዘ፣ ያፏጫል። እሱን እንደ እሷ በደወል የሚጠራው የለም። እሷ ደጅ መውጣት አልተፈቀደላትምና ሳህን እያጠበች ፉጨቱን ትሰማለች። አንድ ቀን የራሴ መሬት ላይ እንዲህ እሆናለሁ ብላ ያሰበችው ያኔ ነው። አሁን ከውሃው ታንከር ጥላ ሥር በፌስታል የተደረደሩት የፖም ችግኞች ያን ሐሳብ ይዘው የመጡ ናቸው፤ ክረምቱ ሳይገባ ጉድጓዳቸው መቆፈር አለበት። ጓሮው ራሱ ሰፊ አይደለም፤ እናቷ ካረፉ ወዲህ ግን ሰው አልረገጠውም። ቀጋው ከአጋሙ ጋር ተቆላልፎ ከአጥሩ በላይ ወጥቷል፤ ከሥሩ ደግሞ ሳማው ወገብ ይደርሳል።

ተነሳች፤ ልብሷን ቀየረች፤ በጓዳው በር ወደ ጓሮ ወጣች። በሽንኩርት ቢላ ከቀጋው አንድ ወፈር ያለ ቅርንጫፍ ቆረጠች፣ እጇን በፌስታል ሸፍና አንድ አገዳ ሳማ ነቀለች፣ ሁለቱንም በጋዜጣ ጠቅልላ ዘንቢሏ ውስጥ አስቀመጠች። በሳሎን በኩል ስታልፍ አለምነው ወጥቷል፤ አባቷ ወደ መስኮቱ ያያሉ። አክስቷ ዘንቢሉን አዩና «ወዴት ነሽ?» አሏት።

«ገበያ።»

«ዛሬ ምን ጎደለና?»

«ጓንት ልገዛ ነው።»

አክስቷ ጥቂት አሰቡ። ግንቦት ነው፤ ፀሐዩ ገና ከጠዋቱ ቆርቆሮውን ማንጫጫት ጀምሯል። «ለብርድ?» አሉ። ጌጤ ሳቋን ዋጠች፤ እንዳትስቅ የከለከላት ደግሞ ጠዋት የሰማችው ነገር ነበር። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

መጀመሪያ የገባችው የቤት ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ነው። ባለ ሱቋ ምስጋና የምትባል ወጣት ናት፤ ስልኳን እያየች ማስቲካ ታኝካለች። ጓንት ስትባል ዓይኗን ከስልኩ ሳትነቅል አንድ ጥንድ ከገመዱ ላይ አውርዳ ዘረጋችላት። ቢጫ ነው። ጌጤ ገና ከፌስታሉ ሲወጣ ሽታውን አወቀችው፤ መዳፏን አሳከካት፤ የማዕድ ቤቱ መስኮትም ደወሉም አብረው መጡባት። ይሁን እንጂ ጥላቻዋ እንዲያታልላት አልፈለገችም፤ እሾህ ከቻለ ቢጫ መሆኑን ትችላለች። «ልሞክረው?» አለችና ዘንቢሏን ከፈተች። ምስጋና ቅርንጫፉን ስታይ ማስቲካውን ማኘክ አቆመች። ከዚያ ከባንኮኒው ሥር ጓደኛው የጠፋ አንድ አሮጌ ጓንት ፈልጋ «በዚህ ሞክሪው፣ እሱም ያው ነው» አለቻት። ጌጤ አጥልቃ ቀጋውን ቀስ ብላ ጨበጠችው። እሾሁ ላስቲኩን መኖሩንም ያወቀ አልመሰለም፤ በቀጥታ አውራ ጣቷ ላይ ተገኘ። ምስጋና ሳቀች። «እናቴ፣ ዕቃ እጠቢበት እንጂ ቀጋ ጨብጪበት ማን አለሽ?» ጌጤም የተወጋ ጣቷን እየመጠጠች ሳቀች። ጠዋት የዋጠችው ሳቅ አብሮ ወጣና ትንሽ ቀለል አላት።

ከዚያ ወደ ዘውዱ ሱቅ ወረደች። ዘውዱ ምስማር፣ ሽቦ፣ ሲሚንቶና የሳንቃ ቀለም የሚሸጥ፣ ሱቁ ጠባብ ሆኖ ወሬው ሰፊ የሆነ ሰው ነው። ሱቁ በር ላይ ሁልጊዜ ዕቃ ከሚገዙት ይልቅ የሚያወሩት ይበዛሉ። ጌጤ የምትፈልገውን ስትነግረው «ለግንባታ ነው?» አላት። «ለጓሮ» አለችው። «ለጓሮ!» ብሎ ወደ ሰዎቹ ዞረ፤ በንቀት ግን አልነበረም፤ አዲስ ነገር እንዳገኘ ሰው ነው። አንድ እቅፍ ጓንት አምጥቶ ባንኮኒው ላይ አፈሰሰው። ሹራብ ሆነው መዳፋቸው ሰማያዊ ላስቲክ የተነከረ አሉ፤ መዳፋቸው ቆዳ ጀርባቸው አቡጀዲ የሆነ አሉ፤ ከእጅ አንጓ በላይ የሚደርስ ግን አንድም የለም። ጌጤ አንድ በአንድ አጠለቀቻቸው። በጓንት ውስጥ የኖረች ሰው ናትና ምን እንደምትፈልግ ታውቃለች፤ ጣቱ ጫፍ ላይ ባዶ ቦታ ከተረፈ መያዣው ይንሸራተታል፤ ከጠበበም ደም ይከለክልና እጅ ይደነዝዛል።

ዘውዱ አንድ ምስማር ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። «ምስማር ያነሳ እጅ ማጭድም ይይዛል። አንሺው» አላት። በሹራቡ ጓንት አነሳችው። «በይ ተገላገልሽ» አለ። እሷ ግን ሳማውን አወጣች። በሩ ላይ ከተቀመጡት አንዱ፣ ጢሙ የሸበተ ሰውዬ፣ «እኔ በዚህ ጓንት ድንጋይ ስጭን ነው የኖርኩት፤ ሳማ ምን ያደርገዋል?» ብሎ ከእሷ ተቀበለና አጥልቆ አገዳውን ጥርቅም አድርጎ ጨበጠው። በመዳፉ በኩል ምንም አልሆነም። ቅጠሉ ግን ተጠምዞ በሹራቡ ጀርባ ላይ ተኛ። ሰውዬው ፈገግ እንዳለ ቆየ። ፈገግታው ቀስ በቀስ ከፊቱ ሲወርድ ሁሉም አዩት። «እንዴት ነው?» አለው ዘውዱ። «ደህና ነው» አለ ሰውዬው፤ ከዚያ ጓንቱን በጥድፊያ አውልቆ እጁን ሱሪው ላይ ያሸው ጀመር። ሱቁ በሳቅ ተሞላ፤ እሱም ራሱ እያሻሸ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ የጌጤ ብቻ መሆኑ ቀረ። ሁሉም ሐሳብ ሰጠ። አንዱ ሁለት ጓንት ደራርቢ አላት፤ ሌላው በላዩ ላይ ካልሲ አጥልቂበት አላት። ዘውዱ ግን ዝም ብሎ ወደ ውስጥ ገባና የሆነ ካርቶን ከሲሚንቶው ጀርባ ጎትቶ አወጣ፤ አቧራውን እፍ ሲለው ሁሉም ዓይናቸውን ጨፈኑ። የብየዳ ጓንት ነው። ቀይ ወፍራም ቆዳ፣ ከውስጥ ጨርቅ ያለው፣ እስከ ክርን የሚደርስ። ጌጤ ስታየው የህንዱ ሽማግሌ ክንድ ትዝ አላት። አጠለቀችው፤ ቀጋውን ጨበጠች፤ አጠበቀችው፤ እሾሁ ሲሰበር ሰማች እንጂ አልተሰማትም። ሳማውን በክንዷ ላይ ብታሽከረክረውም ምንም የለም። ምስማሩን ለማንሳት ስትሞክር ግን የጓንቱ ጣቶች ከእሷ ጣቶች አልፈው ሄደው ጫፋቸው እርስ በርሱ ይጋጫል፤ ምስማሩ ባንኮኒው ላይ ወዲያና ወዲህ ተንከባለለ እንጂ አልተነሳም። «ይህ የተሠራው ለወንድ ነው» አለ ዘውዱ አዝኖ። «ያውም ለግዙፍ ወንድ።» ጌጤ ጓንቱን እንዳጠለቀች ቆማ አሰበች። ስስ ጓንት ማወፈር አይቻልም። ትልቅ ጓንት ግን ማሳነስ ይቻላል። «ስጠኝ» አለችው። በዋጋው ተከራከሩ፤ ዘውዱ የአንድ ዶሮ ዋጋ ብሎ ጀመረ፣ የጫጩት በሚሆን ተስማሙ፣ ጢመ ሸበቶው ሰውዬም እጁን እያከከ በእሷ በኩል ሆኖ ተከራከረላት።

ጫማ ሰፊው ሙላቴ ከመናኸሪያው አጥር ሥር በተቀደደች ጃንጥላ ተጠልሎ ይሠራል። የመኪኖቹ ረዳቶች «ሐሙሲት! ባሕር ዳር! አንድ ሰው የቀረው!» እያሉ ይጮኻሉ፤ እሱ ጩኸቱን ከለመደው ብዛት የሚሰማው ዝም ሲሉ ነው። ጌጤ ጓንቱን ስትሰጠው አገላብጦ አየው። «እኔ የማውቀው እግር ነው» አላት። «እጅ ሰፍቼ አላውቅም።»

«ያው አምስት ጣት ነው» አለችው።

ይህን ነገር ወደደው። ጣቶቿን በሲባጎ እየለካ፣ ሌባ ጣቷን «ይህ እንግዲህ ሁለተኛው ጣት» እያለ፣ በእግር ቋንቋ እየቆጠረ ምልክት አደረገ። «ሁለቱን እጅ ልጨርስ ካልሽ ቀኑ ይሄዳል፤ ቆዳው መርፌ አያስገባም። የትኛው ይቅደም?» አላት። ጌጤ አላመነታችም። ማጭድ የምትይዘው በቀኟ ነው፤ እሾሁን የምታቅፈው በግራዋ ነው። «ግራው» አለች። ሙላቴ ጓንቱን ገለበጠ፤ የጣቶቹን ጫፍ ቆረጠ፤ በሰም ባሸው ክር ጥብቅ ጥብቅ እያደረገ ሰፋ። ትንሿን ጣት በጣም አሳጥሯት ኖሮ ስትሞክረው ግማሽ ላይ ቀረች፤ «ትንሿ ጣት ሁልጊዜ እንዲህ ነች» ብሎ ፈትቶ እንደገና ሰፋት። ከዚያ በመዶሻ ቀጠቀጠው፣ ሞራ ቀባው፣ እንደ ሊጥ አሸው። ጌጤ ስታጠልቀው ጓንቱ እጇን ያወቀ መሰላት። ከመሬት ላይ አንድ የወደቀ የጫማ ምስማር አነሳች። ሙላቴ በራሱ ሥራ ተገርሞ ለጎረቤቱ ጫማ ጠራጊ አሳየው።

ቀኙን ሊጀምር ሲል አንድ ባጃጅ መጥቶ ቆመ። አለምነው ነው። እሷን ማየቱ ያስደነገጠው ይመስላል፤ ቢሆንም «ወደ ቤት ከሆነ ግቢ» አላት። ፀሐዩ እያዘነበለ ነው። ጌጤ ያልተነካውን የቀኝ ጓንት ከሙላቴ ተቀበለች፤ «ሰኞ አምጭው» አላት፤ ገባች። የደብረ ታቦር ኮብልስቶን ባጃጅን ያንገጫግጫል፤ ለማያወሩ ሰዎች ግን ይመቻል፤ ዝም ያሉት በመንገጫገጩ ምክንያት ይመስላል። አለምነው በመስታወቱ አንዴ ጉልበቷ ላይ ያለውን ቀይ ቆዳ ያያል፣ አንዴ ፊቷን።

«ብየዳ ልትጀምሪ ነው?» አለ በመጨረሻ።

«ቀጋ።»

አንዲት ላም መንገዱን እስክትሻገር ቆሙ። እሱ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲያፍር ጆሮው ይቀላል፤ ከኋላ ሆና ጆሮውን ታያለች። በራቸው ላይ ሲደርሱ ሞተሩን አጠፋ። «መስማትሽን አላወቅሁም፣ እታለሜ» አለ።

«ኮምፔርሳቶ ነው፣ አለምነው» አለችው። ወረደች።

ጓሮው ጠዋት ከተወችው የበለጠ የሰፋ መሰላት። ሻሿን አጥብቃ አሰረች፣ የአባቷን አሮጌ ቦት ጫማ አደረገች፣ ሁለቱንም ጓንት አጠለቀችና ከዳር ጀመረች። ሳማው በቀላሉ ተሸነፈ፤ እየታቀፈ ከሥሩ ታጨደ፤ ሽታው አረንጓዴ ሆኖ ግቢውን ሞላው። ቀጋው ግን ሌላ ነው፤ አንዱን ስትቆርጥ በሌላው ላይ ተንጠልጥሎ አይወድቅም፤ ቢወድቅም ቀሚስ ይዞ ነው። የግራ ጓንቷ እንደ ራሷ እጅ ታዘዛት። የቀኙ ግን ትልቅ ነውና የማጭዱ መያዣ በውስጡ ይዞራል፤ ሁለት ጊዜ አምልጧት ከቦት ጫማው አጠገብ ወደቀ። አወለቀችውና አጥሩ ላይ ሰቀለችው፤ ማጭዱን በባዶ እጇ ያዘች፤ ከዚያ ሥራው መሄድ ጀመረ። አክስቷ ደፉ ላይ ቁጭ ብለው ምስር ይለቅማሉ፤ ከምስሩ ይልቅ ግን እሷን ነው የሚለቅሙት። «በሥሩ ነው እንጂ!» ይላሉ፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ኧረ ዓይንሽን!» ይላሉ። አባቷ ከግድግዳው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ምንም አይሉም።

ፀሐዩ ከቤቱ ጀርባ ሲገባ ጌጤ ቀና ብላ አየች። ግማሹ ጠርቷል። ግማሹ ግን፣ ያውም አጋሙ ያለበት የባሰው ግማሽ፣ እንዳለ ቆሟል። ክንዷ ዝሏል፤ ላቧ ዓይኗ ውስጥ ገብቷል። መቀመጥ ፈለገች፤ ከተቀመጠች እንደማትነሳ አወቀች። ማጭዱን እንደያዘች ቆማ ትንፋሿን ስትሰበስብ፣ ከጀርባዋ በርጩማ ሲንቀሳቀስ ሰማች። አባቷ ተነስተው ወደ አጥሩ ሄዱ። የተሰቀለውን የቀኝ ጓንት አውርደው ውስጡን አዩ፣ አራገፉ፣ ቀኝ እጃቸውን አስገቡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ድንጋይ የጠረቡ ሰው ናቸው፤ ያ ግዙፍ ጓንት ልካቸው ሆነ። «ይችስ ለምን ሥራ ትፈታለች?» አሉ ጓንቷን። ከዚያ መጥረቢያውን በግራ እጃቸው አነሱ።

ጌጤ ያን ጊዜ ነው የገባት። አባቷ ግራኝ ናቸው። ቄስ ትምህርት ቤት የኔታ ግራቸውን በመቀነት እያሰሩ በቀኝ ሊያስይዟቸው ደክመው ተዋቸው እየተባለ ሲሳቅበት ነው ያደገችው። እሷ በግራ እያቀፈች በቀኝ ትቆርጣለች፤ እሳቸው በቀኝ ያቅፋሉ፣ በግራ ይቆርጣሉ። አንድ ጥንድ ጓንት ለሁለት ሰው በቃ። ከሁለት በኩል ሆነው አንዱን የአጋም ቁጥቋጦ ያዙትና እሳቸው መቱት፣ እሷ ሳበችው፤ ከሥሩ ተነቅሎ ሲመጣ ሁለቱም ወደ ኋላ ተንገዳገዱ።

አክስቷ ምስሩን አስቀመጡ። «ይሻው» አሉ። «አንተ ዳኛ አልነበርክም?»

«ነበርኩ፣ እታለም።»

«ታዲያ ይህ ምን ፍርድ ነው?»

አባቷ መጥረቢያውን መሬት ላይ አሳረፉ፤ ሊናገሩ ነው። «ማታ የጠራ መሬት አያለሁ አልኩ እንጂ፣ ማን እንደሚያጠራው የተናገርኩት ነገር የለም» አሉ። ከዚያ ወደ ጌጤ ዞረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጠዋት ልጠራሽ ይገባ ነበር» አሏት። ጌጤ ወደ አጋሙ ዞረች። «ይችን ያዙልኝ፣ አባባ» አለች የሚቀጥለውን ቅርንጫፍ እያሳየች። ያዙላት።

አለምነው ሲመለስ ገና ብርሃን ነበር። በጓዳው በር ወጥቶ ቆመ፤ አባቱን አየ፣ እህቱን አየ፣ የተከመረውን እሾህ አየ። ከእሱ በፊት የተናገሩት አክስቱ ናቸው፤ ምስሩን ጥደው ምን እንደሚያደርጉ ያጡ ይመስሉ ነበር። «ምን ትገተራለህ? ይህን እሾህ ወደዚያ ጥግ አውጣው፣ እራት ልናቀርብ ነው» አሉት። አለምነው ጎንበስ ብሎ በባዶ እጁ አነሳ፤ ወዲያው ጣለው፤ ጌጤ ግራ ጓንቷን አውልቃ ሰጠችው። አልገባለትም። እጁን በጓንቱ አፍ ላይ እያሾለከ ሲታገል እሷ «ግንበኛውን አትመልሰው» አለችው። «በፊት ለፊት በኩል፣ ከበሩ አጠገብ፣ አሮጌውን የዶሮ ቤት አፍርስና አንዷን ክፍል እዚያ ሥራ። ለተከራይም መንገድ ይቀርባል፣ በእኛ ጓዳ አያልፍም።» ከዚያ ቀድሞ ያላሰበው መሆኑ ፊቱ ላይ ታየ። አባቱን አያቸው። አባቱ የመጥረቢያውን ስለት በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ ነው። «እሷን ስማት» አሉ። «መሬት ካላት ሰው ጋር ነው የምትነጋገረው።» አለምነው ጆሮው ቀላ፤ ግን ፈገግ አለ፣ የባሰውን እሾህ በአካፋ እየገፋ ወደ ጥግ ወሰደው።

የመጨረሻው አጋም ሲወድቅ ሁሉም ወደ አጥሩ አዩ። በዚያ በኩል ምን እንዳለ ረስተውት ነበር። አጥሩ ዝቅ ያለ ነው፤ ከአጥሩ ማዶ መሬቱ ይወርዳል፤ ከዚያ ማዶ ደግሞ ጉና ተራራ ሙሉ ገላው ምሽት ላይ ባለችው ፀሐይ ቀልቶ ተቀምጧል። አባቷ በርጩማቸውን ከግድግዳው ሥር አንስተው ወደዚያ አዞሩና ተቀመጡ። አክስቷ «ብርድ ይገባል» አሉ፤ ቆይተው ግን እሳቸውም ሌላ በርጩማ አመጡ። እራቱን ውስጥ ሊያቀርቡ ሲነሱ አባቷ «እዚህ ይምጣ» አሉ። ማዕዱ በጠራው መሬት ላይ ወጣ፤ አዲስ የተገለበጠ አፈር ይሸታል። ጌጤ እግሯን ዘርግታ መሬቷ ላይ ተቀመጠች።

አክስቷ የመጀመሪያውን ጎርሰው ፊታቸውን አኮማተሩ። «ምስሩ ጨው በዝቶበታል» አሉ።

«ድንች ጨምሩበት፣ ጨውን ይመጥጠዋል» አለ አንድ ድምፅ።

ሁሉም ዞሩ። ከአጥሩ ማዶ፣ ቀጋው በነበረበት ቦታ ላይ፣ አንዲት ጠና ያለች ሴት ራሷን ብቅ አድርጋ ቆማለች፤ እጇ ላይ ለእራቷ በጨርቅ የቋጠረችው ድንች አለ። «ለተሥላሴ ነኝ» አለች፤ «ጎረቤት ነኝ፤ ቤቱን ከያዝኩት ሁለት ክረምት አልፎኛል። እናንተን በድምፅ እንጂ በመልክ አላውቃችሁም ነበር።» ከዚያ አንድ በአንድ እያየቻቸው፣ የምታውቃቸውን ድምፆች ለፊቶቻቸው ልታከፋፍል፣ በታላቅ ትሕትና «ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ከእናንተ ውስጥ እትዬ ጥሩወርቅ የትኛዋ ናቸው?» ብላ ጠየቀች።

አክስቷ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ፤ ሁለት ክረምት ሙሉ በዚህ ጓዳ በር ላይ ስለ ስንቱ ሰው ምን ምን እንደተናገሩ እያስታወሱ ይመስል ነበር። አለምነው ጉርሻው ትን አለው። አባቷ ግን ሳቁ። ጌጤ ከተመለሰች ወዲህ ሲስቁ ሰምታቸው አታውቅም፤ ድንጋይ ሲጠርቡ ይስቁት እንደነበረው፣ ትከሻቸው እየተንቀሳቀሰ፣ ለመናገር እጃቸውን እያነሱ፣ ሳይናገሩ እያወረዱት ሳቁ። እሷ ተነስታ ድንቹን ልትቀበል ወደ አጥሩ ሄደች፤ «እትዬ፣ በዚህ በኩል ይግቡ፣ አሁን መንገድ አለ» አለቻት።